የአደጋ ዘገባና የአደጋ ዘፈን
ስለ ባላድ ምንነትና ዓይነቶች በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ከሙያችን ትንሽ ወጣ ያለ ርእስ ይዤ እንድቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፥ ስለ ዘፈን እናገራለሁ ብዬ መለስሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ፈገግ ብለው «ስለ ድልድይ ብትነግረን አይሻልም?» አሉኝ። ስለ ድልድይም እናገራለሁ። ድልድዩ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ አንድ ባቡርም ከላዩ ወድቆበታል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ቃሉን ራሱን ማጥራት ይገባኛል።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የሙዚቃ ዲስክ ሽፋን ነው። እ. ኤ. አ. በ2002 ዓ. ም. በፈረንሳይ አገር በወጣው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የዘፈን ስብስብ ዐሥረኛ ቅጽ ላይ፥ የትዝታ ዘፈኖቻችን «የኢትዮጵያ ብሉዝና ባላድ» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።) አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሽፋን አሳይቶኝ «ባላድ ማለት ዝግ ያለ ዘፈን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎን» ብዬ አለፍሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የሰጠሁት መልስ እኩሌታው እውነት፥ እኩሌታው ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ስለ ሲሚንቶ ምንነት ተጠይቄ «ግራጫ ዱቄት ነው» ብዬ እንደ መመለስ ያህል ነበር።

የቃሉ ዘር ላቲን ነው። «ባላሬ» ማለት መደነስ ማለት ሲሆን፥ «ባሌት» የሚለውም ስም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩ የፈረንሳይ ባለ ቅኔዎች በዚህ ስም የሚጠሩት፥ ሦስት አንጓና አንድ አጭር መዝጊያ ያለውን፥ እያንዳንዱም አንጓ በአንድ ዓይነት ስንኝ የሚያልቅበትን ደንበ ጥብቅ ግጥም ነበር። እርሱ ሌላ ነገር ስለሆነ እዚሁ ላይ እተወዋለሁ።

እኔ የምናገርለት ባላድ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ገበሬዎች፥ እረኞችና የቤት አገልጋዮች ዘንድ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረው ነው። የዚህ ዘፈን የመጀመሪያ መለያው ታሪክ መተረኩ ነው። አንድ ነገር ይደረጋል፤ ከዚያ የተነሣ ሌላ ነገር ይከተላል፤ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይሞታል። ዘፋኙ ስለ ራሱ ስሜት አይናገርም። «አዘንሁ» አይልም፤ «ንጉሡ በደለ» ብሎም አይፈርድም። ያየውንና የሰማውን እንደሚመሰክር ሰው ሆኖ የሆነውን ብቻ ይናገራል።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። «ሰር ፓትሪክ ስፔንስ» የተባለው የስኮትላንድ ባላድ ቶማስ ፐርሲ በ1765 ባሳተመው የጥንት ግጥሞች መድበል ውስጥ ይገኛል። ዘፈኑ የሚጀምረው ንጉሡ በደንፈርምሊን ከተማ ተቀምጦ ወይን ሲጠጣ፥ መርከቡን የሚነዳለት ጥሩ መርከበኛ ሲጠይቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ባለሟል የሰር ፓትሪክን ስም ይጠራል። ንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ ይልካል። ሰር ፓትሪክ የደብዳቤውን መጀመሪያ አንብቦ ይስቃል፤ ቀጥሎ ያለውን አንብቦ ዕንባው ይወርዳል፤ በዚያ ክፉ ወቅት ወደ ባሕር የሚላክ መርከብ እንደማይመለስ ያውቃልና። ይሁን እንጂ ይነሣል። ከዚህ በኋላ ማዕበሉን፥ የሸራውን መቀደድ፥ የሰዎቹን ጩኸት በሰፊው እንሰማለን ብለን ስንጠብቅ፥ አብዛኛው ነገር ይዘለልና መሳፍንቱን የሚጠብቁ ወይዛዝርት ማራገቢያቸውን ይዘው በባሕሩ ዳር ተቀምጠው እናያለን። በመጨረሻ ሰር ፓትሪክ በባሕሩ ወለል ላይ ተጋድሞ፥ መሳፍንቱም በእግሩ ሥር ሆነው ይገኛሉ። ንጉሡ ከመጀመሪያው ጽዋ በኋላ ዳግመኛ አይነሣም። ማንም አይወቅሰውም፤ ነገር ግን ዘፈኑን የሰማ ሰው ሁሉ ትእዛዙ ከየት እንደወጣ ያውቃል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ባላድ ከታሪኩ መጨረሻ አቅራቢያ ይጀምራል። ብዙውን ይዘልልና በአንድ ትንሽ ነገር ላይ፥ በደብዳቤ ወይም በማራገቢያ ላይ ዘለግ አድርጎ ይቆማል። ጥያቄና መልስ ይወድዳል። «ሎርድ ራንዳል» የተባለው ለምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእናትና የልጅ ንግግር ብቻ ነው። እናት የት እንደዋለና ምን እንደበላ ትጠይቃለች፤ ልጅ ደክሞኛልና አልጋዬን አንጥፊልኝ ይላል። በየአንጓው ከአንድ ሁለት ቃል በቀር የሚለወጥ የለም፤ ነገር ግን በዚያች በምትለወጠው ቃል አማካይነት ልጁ በሚወድዳት ሴት እጅ መመረዙን ቀስ በቀስ እንረዳለን። አንጓው አብዛኛውን ጊዜ አራት ስንኝ ሲኖረው ሁለተኛውና አራተኛው ቤት ይመታሉ። ዜማው አንድ ነው፤ ሠርግም ይሁን ግድያ በዚያው ዜማ ይዘፈናል። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ቃሉ ሲያለቅስ ዜማው አያለቅስም፤ ልቅሶው ለሰሚው የተተወ ነው።

እነዚህን ዘፈኖች በመሰብሰብ ረገድ ስሙ የገነነው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ነው። ከ1882 እስከ 1898 በታተመው ሥራው 305 ባላዶችን ከነልዩ ልዩ ቅጂዎቻቸው አቅርቧል፤ እርሱ ራሱ ግን የመጨረሻው ክፍል ሳይታተም በ1896 ሞተ። ቻይልድ የሠራው በአብዛኛው ከብራናና ከመጽሐፍ ስለሆነ ዜማው በእጁ የገባው ጥቂት ነው። ዜማዎቹን አሰባስቦ በአራት ጥራዝ ለማውጣት በርትራንድ ብሮንሰን የተባለ ሊቅ ከ1959 እስከ 1972 ደክሟል። ከዚያ ቀደም ብሎ ሴሲል ሻርፕ የተባለው እንግሊዛዊ ከረዳቱ ከሞድ ካርፔለስ ጋር ከ1916 እስከ 1918 በአሜሪካ የአፓላችያ ተራሮች እየተዘዋወረ፥ በአገሩ እየተረሱ የነበሩትን ባላዶች ከተራራማው አገር ነዋሪዎች አፍ ሰምቶ ጽፏል። በአገሩ የጠፋውን ዕቃ በጎረቤት ቤት እንደ ማግኘት ነው።

ነገር ግን መጻፉ ራሱ ያላስደሰታቸው ነበሩ። ዋልተር ስኮት በ1802 የስኮትላንድን ባላዶች ማሳተም በጀመረ ጊዜ፥ የባለ ቅኔው የጄምስ ሆግ እናት፥ ብዙ ባላድ በቃላቸው የሚያውቁ ሴት፥ ዘፈኖቹ ለመዘፈን እንጂ ለመነበብ እንዳልተሠሩ፥ እርሱም አሳትሞ እንዳበላሻቸውና ከእንግዲህ ማንም እንደማይዘፍናቸው ገልጸው እንደወቀሱት ልጃቸው ጽፏል። አሮጊቷ በከፊል ትክክል ነበሩ። በወረቀት ላይ የሰፈረ ባላድ ከተሠራ ድልድይ ይልቅ የድልድይን ንድፍ ይመስላል።

ሌላው ዓይነት ግን ከመጀመሪያውም በወረቀት የተወለደ ነው። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝ ከተሞች በአንድ ወረቀት ላይ እየታተመ በየአደባባዩ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጥ ዘፈን ነበር። ግጥሙ ብቻ ታትሞ ከላይ «በእገሌ ዜማ ይዘፈን» ይባላል። ስለ ነፍሰ ገዳይ መሰቀል፥ ስለ ከተማ ቃጠሎ፥ ስለ መርከብ መስጠም፥ ባጭሩ ዛሬ በጋዜጣ የምናነበው ሁሉ በዚያ ይወጣ ነበር። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሹም ከእነዚህ ወረቀቶች ወደ 1,800 ያህል አከማችቷል፤ «ባርባራ አለን» የተባለችውንም ዝነኛ ዘፈን አንዲት ተዋናይት ስትዘፍናት መስማቱን በጥር ወር 1666 በዕለት ማስታወሻው ላይ አስፍሯል። ቻይልድ ይህን የገበያ ባላድ ይንቀው ነበር። እኔ በበኩሌ አልንቀውም፤ የሙያ ዘመዳችን እርሱ ነውና። ጥንታዊው ባላድ ስለ ንጉሥና ስለ ልዕልት ሲናገር፥ የገበያው ባላድ ስለ ፈረሰ ግንብና ስለ ሰጠመ መርከብ ይናገራል። ይህ ልማድ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ በደረሰ ጊዜ ያገኘው ጉዳይ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ነበር።

እነሆ አሁን ከድልድዩ ደረስሁ።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1903 የሳውዘርን ባቡር ኩባንያ 97 ቁጥር ፈጣን የፖስታ ባቡር ከዋሽንግተን ወደ አትላንታ ሲጓዝ፥ በቨርጂንያ ግዛት ሞንሮ ከተባለው ጣቢያ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ኩባንያው ከመንግሥት ጋር የተዋዋለው የፖስታ ውል ለመዘግየት ቅጣት የሚያስከፍል ነበር። በሞንሮ ጆሴፍ ብሮዲ የተባለ የ33 ዓመት ነጂ ባቡሩን ተረከበ። ከዚያ እስከ ስፔንሰር ያለው 267 ኪሎ ሜትር መንገድ ኮረብታማና ጠመዝማዛ ሲሆን፥ በፕሮግራሙ መሠረት 4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል። ይኸውም በአማካይ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የባከነውን ሰዓት ለመመለስ ደግሞ 82 ያህል ያስፈልጋል። በፊቴ የተቀመጣችሁት መሐንዲሶች ስለሆናችሁ ስሌቱን መዘርዘር አያሻኝም፤ በመታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ መጠን ስለሚያድግ፥ በዚህ ልዩነት ብቻ ወደ 1.7 እጥፍ ይደርሳል። በዳንቪል ከተማ አጠገብ ሐዲዱ ቁልቁለት ወርዶ፥ ታጥፎ፥ በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ በቆመ ድልድይ ሸለቆውን ያቋርጥ ነበር። ባቡሩ ከዚያ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ወደ ሸለቆው ወደቀ። ብሮዲን ጨምሮ 11 ሰዎች ሞቱ።

ኩባንያው ጥፋቱን በነጂው ላይ አደረገ፤ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ነድቷል፥ ፍጠን ያለውም የለም ተባለ። ዘፈኑ ግን በምን ይጀምራል? በሞንሮ ለነጂው ትእዛዝ በመሰጠቱ ይጀምራል! ዘግይተሃልና በሰዓቱ አስገባ የሚለው ቃል ከሁሉ ይቀድማል። በደንፈርምሊን የተቀመጠው ንጉሥ ደብዳቤውን ልኳል ማለት ነው። ገጣሚው ማንንም አይከስስም፤ ነገሩን በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ማቆሙ ብቻ ይበቃዋል።

የዚህ ዘፈን ታሪክ የባላድን ጠባይ ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል። ዜማው ሄንሪ ክሌይ ወርክ በ1865 ስለ አንድ ሳይመለስ ስለቀረ መርከብ ከደረሰው ዘፈን የተወሰደ ነው። ቃላቱ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ ተለዋውጠዋል። በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ነጂው በቁልቁለቱ ላይ የአየር ፍሬኑን አጣ ይባላል፤ በሌሎቹ ደግሞ አማካይ ፍጥነቱን አጣ ይባላል። ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ ለጆሮ ስለሚቀራረቡ ዘፋኞቹ አንዱን በሌላው ተክተውታል፤ ለዘፋኝ ትንሽ ነገር ነው፥ ለአደጋ መርማሪ ግን የምድርና የሰማይ ያህል ልዩነት አለው። ቨርኖን ዳልሃርት በ1924 በሸክላ ሲያስቀርጸው ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ወዲያው የገጣሚነት ሙግት ተነሣ፤ ዴቪድ ግሬቭስ ጆርጅ የተባለ ሰው የደረስሁት እኔ ነኝ ብሎ ሸክላ አሳታሚውን ከሰሰ፥ በ1933 ተፈረደለት፥ ከይግባኝ በኋላ ግን ተረታ። ከሁሉ የሚያስቀኝ መዝጊያው ነው። እንደ ገበያው ባላድ ልማድ መጨረሻው ማስጠንቀቂያ ሲሆን፥ ማስጠንቀቂያውም ስለ ፍሬን ወይም ስለ መታጠፊያ ሳይሆን ሚስቶች ለባሎቻቸው ክፉ ቃል እንዳይናገሩ ነው። ባልየው ሳይመለስ ሊቀር ይችላልና።

ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፥ ኤፕሪል 30 ቀን 1900፥ ኬሲ ጆንስ የሚባለው ነጂ ከሜምፊስ ዘግይቶ የተነሣውን የመንገደኞች ባቡር ወደ ሰዓቱ ለማድረስ እየገሠገሠ ሳለ በሚሲሲፒ ግዛት ቮን በተባለው ጣቢያ ከቆመ የዕቃ ባቡር ጋር ተጋጨ። የዕቃው ባቡር የአየር ቱቦው ፈንድቶ ከዋናው ሐዲድ ላይ መነሣት አልቻለም ነበር። ኬሲ እሳት አንዳጁን ሲም ዌብን ዝለል ብሎ እርሱ ፍሬኑን እንደያዘ ቀረ፤ ከሞተውም እርሱ ብቻ ነው። እዚህም ኩባንያው ነጂው የማስጠንቀቂያ ምልክት አላከበረም አለ፤ ዌብ ደግሞ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ምልክት አላየንም ሲል ኖረ። የመጀመሪያውን ዘፈን የገጠመው በባቡር ጥገና ቤት የሚሠራ ዋላስ ሳንደርስ የሚባል ጥቁር ሠራተኛ ነው። በ1909 ለቲያትር ቤት ተለውጦ ሲታተም የደራሲነት ስሙ ለሌሎች ሆነ። በዚህኛው ቅጂ መጨረሻ ላይ የሟች ሚስት ለልጆቿ ሌላ አባት እንዳላቸው ስትነግራቸው ይሰማል። እውነተኛይቱ ሚስት ይህን ስድብ ለማስተባበል በ1958 እስክትሞት ድረስ ደክማለች። በ1911 ደግሞ ጆ ሂል የተባለው የሠራተኞች ዘፋኝ ኬሲን በሥራ ማቆም አድማ ላይ ጓደኞቹን የከዳ ሰው አድርጎ በዚያው ዜማ ሌላ ዘፈን ሠራበት። እንግዲህ ባላድ ሁልጊዜ ለሟች ይወግናል ማለት አይቻልም። የዘፋኙን መንገድ ይከተላል።

«ጆን ሄንሪ» በአሠራሩ ከእነዚህ ይለያል። ጥቁሩ የድንጋይ ጠርቢ በመዶሻ፥ በእንፋሎት ከሚሠራ መሰርሰሪያ ጋር ተወዳድሮ፥ አሸንፎ፥ መዶሻውን እንደያዘ ይሞታል። የነገሩ ቦታ በዌስት ቨርጂንያ የሚገኘው የቢግ ቤንድ ዋሻ ነው ይባላል። ከ1870 እስከ 1872 የተቆፈረና ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው የባቡር ዋሻ ነው። ጋይ ጆንሰን በ1929፥ ሉዊስ ቻፔል በ1933 በዚህ ላይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ስኮት ኔልሰን የተባለው የታሪክ ምሁር ግን በ2006 ባወጣው መጽሐፍ፥ ሰውየው ከቨርጂንያ ወኅኒ ቤት ለሥራ የተከራየ እስረኛ እንደነበረ፥ ውድድሩም በሉዊስ ዋሻ እንደተደረገና ሠራተኞቹን የጨረሳቸው የድንጋይ ብናኝ እንደሆነ ተከራክሯል። ዘፈኑ ራሱ ይህን ቅደም ተከተል አይነግረንም። ታሪኩን ሰሚው እንደሚያውቅ ቆጥሮ ሕፃኑን በአባቱ ጉልበት ላይ፥ መዶሻውን፥ ካቦውን፥ ሚስቲቱን አንድ በአንድ ያሳየናል፤ ቦታቸውን ብናለዋውጥ ብዙ አይጎድልም። ይህን የጥቁር አሜሪካውያን ስልት አጥኚዎች «የብሉዝ ባላድ» ይሉታል። ስልቱን አስታውሱልኝ፤ ወደ አገራችን ስመለስ ያስፈልገኛል።

ባልደረባዬ የጠየቀኝ ዝግ ያለ ዘፈንስ ከየት መጣ? ይህ ከንግድ ጋር የተያያዘ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ ሙዚቃ አሳታሚዎች በሳሎን በፒያኖ የሚዘፈነውን የፍቅርና የናፍቆት ዘፈን ሁሉ «ባላድ» እያሉ ይሸጡት ጀመር፤ ቡዚ የተባለው አሳታሚ ከ1867 ጀምሮ በለንደን የባላድ ኮንሰርት እያዘጋጀ ገበያውን አስፋፋ። ታሪኩ ወጥቶ ስሜቱ ብቻ ቀረ። የአሜሪካ ዘፈን ደራሲዎች ስሙን ወረሱት፤ በጃዝ ሙዚቀኞች ዘንድ ባላድ ማለት ቀስ ብሎ የሚሄድ የፍቅር ዜማ ሆነ። ኮልማን ሃውኪንስ በ1939 በሳክስፎን የቀረጸው «ቦዲ ኤንድ ሶል» ቃል አልባ ሆኖ እንኳ ባላድ ይባላል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ደግሞ የሮክ ቡድኖች በፒያኖ ወይም በጊታር በለሆሳስ ጀምረው፥ ከበሮው መሐል ላይ ገብቶ በጩኸት የሚጨርሱትን «ፓወር ባላድ» አመጡ። እነዚህን በንቀት አላነሣቸውም፤ በተማሪነቴ ዘመን ብዙ ሰምቻቸዋለሁ። ነገር ግን ከሰር ፓትሪክ ጋር የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው።

አሮጌው ባላድ በዚህ መካከል ፈጽሞ አልሞተም። ኖቬምበር 10 ቀን 1975 «ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ» የተባለች የብረት ማዕድን ጫኝ መርከብ በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ በማዕበል ሰጥማ 29 መርከበኞቿ በሙሉ አለቁ። ካናዳዊው ጎርደን ላይትፉት በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚተርክ ባላድ አወጣ፤ በዘፈኑም ውስጥ አንድ የመርከቡ ወለል ክዳን ተደረመሰ የሚል ነገር ነበረበት። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በ1977 ያወጣው ዘገባም ውሃው የገባው በአግባቡ ባልገጠሙ ክዳኖች በኩል ሳይሆን አይቀርም ሲል ደመደመ። የሐይቁ መርከብ ባለንብረቶች ማኅበር ይህን አልተቀበለም፤ መርከቧ ከሐይቁ ወለል ጋር ተነካክታለች አለ። ዓመታት አለፉ። በ2010 ሌላ ምርመራ ለአደጋው ከመርከበኞቹ ቸልተኝነት ይልቅ ግዙፍ ማዕበልን ምክንያት ባደረገ ጊዜ፥ ላይትፉት በመድረክ ላይ ሲዘፍን ያችን ስንኝ ለወጣት። ክዳኖቹን መዝጋት የመርከበኞቹ ኃላፊነት ስለነበር፥ ቃሉ ሟቾቹን የሚወቅስ ሆኖ ተሰምቶታል። በ2023 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ በለወጠው ቃል ዘፈነው። እኛ ያወጣነውን ዘገባ ከ34 ዓመት በኋላ የሟቾች ዘመዶች እንዳይከፋቸው ብለን ያረምንበት ጊዜ አለን?

አሁን ወደ ትዝታ ልመለስ። የዲስኩ አሳታሚዎች ቃሉን በአዲሱ፥ ማለትም በሳሎንና በጃዝ ትርጉሙ የተጠቀሙበት ይመስለኛል፤ በዚያ ረገድ አልተሳሳቱም። ትዝታ ግን ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ በእርሱ የሚዘፈነውም ዘፈን ታሪክ አይተርክም። የሄደውን ሰው ያነሣል እንጂ እንዴትና ለምን እንደሄደ አይነግረንም። በጠቅላላው የአማርኛ ዘፈን ታሪክን ይነካል እንጂ አይተርክም ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሞት የተገጠመው ብዙ ነው፤ በአርበኞችም ስም የተፎከረው እንዲሁ። ነገር ግን መንቶው ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ደብቆ ያልፋል። አዝማሪው ግጥሙን ከታዳሚው ሲቀበል አሥር ሰው አሥር ግጥም ይሰጠዋል፤ የኋለኛው የፊተኛውን እንዲቀጥል ማንም አይጠብቅም። ሙሾም እንዲሁ ነው። አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት፥ ደግነት፥ የአገሩን ስም እያነሣች ታስለቅሳለች፤ አሟሟቱን ለቀስተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ከምዕራባውያን ዓይነቶች ለእኛ የሚቀርበው እንግዲህ ያ የብሉዝ ባላድ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ አንድ መንቶ በሁለት ስንኝ የሚወጋውን ባላድ በሃያ አንጓ አይወጋም። ዋጋው ግን የሚታወቀው ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ሲበተኑ ነው።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርሁ። ለውሃ ማሳለፊያ ቱቦ የሚቆፈረው ቦይ ከሰው ቁመት በላይ ጠልቆ ነበር። ለግድግዳው መደገፊያ የሚሆን እንጨት ተጠይቆ ገና አልመጣም። ሌሊቱን ዝናብ ዘነበ። በማግስቱ ጧት ግድግዳው ተንዶ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ። የአደጋውን ዘገባ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ካልተፈቀደለት ቦታ ገብቶ በመገኘቱ አደጋው እንደደረሰ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም። አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የሟቹ ስም አንድ ጊዜ፥ የአባቱ ስም በስሕተት ተጽፎ ይገኝበታል።

ሠራተኞቹ ከቀብር በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፥ ድንጋይ እየፈለጡ በሥራ ዘፈናቸው ውስጥ ግጥም ያወጡለት ጀመር። ስሙ ነበረበት፤ የአባቱ ስምም በትክክል ነበረበት፤ የመጣበት ቀበሌና የምትጠብቀው እናቱ ነበረችበት። መንገድ ላይ ሆኖ ስለማይደርስ እንጨትም አንድ መንቶ ነበረች፤ በሰሙ ስለ ማገዶ የምትናገር ነበረች። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። ገብቶኛል፤ እንዳልገባው ሆኜ ሄድሁ።

ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ስነሣ የዚያን ጊዜውን ካቦ ፈልጌ አገኘኋቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖራሉ። ቡና ተፈልቶልን ግጥሞቹን እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። ሦስቱን አስታወሱ። የአራተኛውን መጀመሪያ ብለው መጨረሻው ጠፋባቸው፤ ብዙ ጊዜ ጀምረው ብዙ ጊዜ ተዉት። እንጨቱ አለ፥ እናቲቱ አለች፥ ስሙ አለ። የነገሩ ቅደም ተከተል ግን በግጥሞቹ ውስጥ የለም። ከዝናቡ በኋላ ወደ ቦዩ ይግባ የተባለው በስንት ሰዓት እንደሆነ፥ ማን ለማን እንዳለው የለም። በእኔም ዘገባ ውስጥ የለም። ሥራው ዘግይቷልና ይግቡ የሚለውን ቃል ከዋናው መሥሪያ ቤት በሬድዮ ተቀብዬ ለካቦው ያስተላለፍሁት እኔ ነበርሁ።

ስለ ትእዛዙ የተገጠመ ነገር እንደነበረ ካቦውን ጠየቅኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ኢንጂነር፥ እርስዎ እዚያው ቆመው እየሰሙ ያንን ማን ይዘፍነዋል?» አሉኝ።